የቀትሩ 5 እና የምሽቱ 9

በመዝናኛ ፓርኩ ውስጥ አስተያየት ሰብሳቢዎች መጀመሪያ ያስቆሙን ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ግድም ነው። ሮለር ኮስተር የሚባለውን በሐዲድ ላይ የሚከንፍ መጫወቻ ለመሳፈር ሃምሳ ደቂቃ ተሰልፈን ተራችን ሊደርስ ሲል መሣሪያው ቆመ። ምን እንደ ሆነ የሚነግረን ሰው ሳይመጣ ሌላ ሃያ አምስት ደቂቃ በፀሐይ ጠበቅን፤ በመጨረሻ ሳንሳፈር ወጣን። ልጄ አኩርፋለች፤ እናቴ የምታርፍበት ወንበር በዓይኗ ትፈልጋለች። የፓርኩን ካናቴራ የለበሰች ወጣት ታብሌት ይዛ ቀረበችና የጎብኚዎችን አስተያየት እንደምትሰበስብ ነገረችኝ።

ስንት ሆነን እንደ መጣን፣ ከዚህ በፊት መጥተን እናውቅ እንደ ሆነ ጠየቀችኝ። ቀጥላም፣ “ፓርኩን ለወዳጅ ዘመድ ይጠቁማሉ? ከ0 እስከ 10 ባለው ቁጥር ይንገሩኝ” አለች።

“5” አልኳት።

ፊቷ አልተለወጠም። ምክንያቱን ጠየቀችኝና ሳታቋርጠኝ እየሰማች ጻፈች። በዚያ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሰውን ብስጭት በትዕግሥት መቀበል ቀላል ሥራ አይደለም።

ከሰዓት በኋላ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ልጄ በጀልባው ላይ እየጮኸች ሳቀች፣ ሰልፉ ቀለለ፣ ሲመሽ ርችቱ ተተኮሰ። እናቴ የልጅ ልጇን አቅፋ ወደ ሰማይ ስታይ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። በመውጫው በር ላይ ሌላ ጠያቂ፣ ያንኑ ጥያቄ ይዞ ጠበቀን። ሳላስብ “9” አልኩት።

ቃሉ ከአፌ እንደ ወጣ ከነከነኝ። ይህን ጥያቄ ፍሬድ ራይክሄልድ የተባለ የንግድ አማካሪ እ.ኤ.አ. በ2003 ያስተዋወቀው ነው። 9 እና 10 የሰጠ ደጋፊ ይባላል፤ ከ0 እስከ 6 የሰጠ ነቃፊ ነው፤ 7 እና 8 ከየትኛውም ወገን አይደመሩም። ከደጋፊዎቹ መቶኛ የነቃፊዎቹ ሲቀነስ የድርጅቱ ውጤት ይገኛል። እኔ እንግዲህ በአንድ ቀን ነቃፊም ደጋፊም ሆኛለሁ። ለሁለት የከፈለኝ የተጠየቅሁበት ሰዓትና ቦታ ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካህነማን ያሳየውም ይህንኑ ነው፤ ያለፈን ነገር ስናስታውስ ይበልጥ የምንመዝነው ስሜታችን የበረታበትን ቅጽበትና መጨረሻውን ነው፤ የቆይታው ርዝመት እምብዛም አይቆጠርም። ርችት ማታ በመውጫ ሰዓት መተኮሱ መልካም ነው፤ እኔም ወድጄዋለሁ። መጠይቁ ግን በመውጫው በር ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ የቀትሩ ሰልፍ ከመዝገብ ይጠፋ ነበር። ነገ እዚያው ሰልፍ ላይ የሚቆሙትን አሰብኩ። ጠግቦ የወጣ ሰው ተርቦ የቆመውን ወክሎ መናገር የለበትም።

እነዚህ ፓርኮች ከመሠረታቸው ከጥናት ጋር የተቆራኙ ናቸው። ዋልት ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ1955 ዲዝኒላንድ የተባለውን የመዝናኛ ፓርክ ከመክፈቱ ሁለት ዓመት በፊት ሃሪሰን ፕራይስ የተባለ ተመራማሪ ቦታ እንዲያጠናለት አድርጎ ነበር፤ ፓርኩ የተሠራባትን የካሊፎርኒያ ከተማ አናሃይምን የጠቆመውም ያ ጥናት ነው። ለቦታ መረጣ ይህን ያህል ከተደከመ፣ እዚያ ቆሞ የዋለው ሰው የሚለውም በጥንቃቄ ሊሰማ ይገባል።

ስለዚህ ጠያቂውን “9ኙ ይቆይ፤ የቀትሩን ግን ጻፍልኝ” አልኩት። እናቴም ክንዴን ነካ አድርጋ፣ “ልጄ፣ የወንበሩንም ንገሪው እንጂ” አለችኝ። እርሱም ለዚያ የሚሆን ጥያቄ እንደሌለው ነገረን፤ ግን የጽሑፍ ቦታውን ከፍቶ የእናቴን ቃል እንዳለ አሰፈረ።

በሦስተኛው ቀን ረጅሙ መጠይቅ በኢሜይል መጣ። “በጣም እስማማለሁ” ከሚለው እስከ “በጣም አልስማማም” የተደረደሩ አምስት አምስት ምርጫዎች አሉት፤ ስለ ምግቡ፣ ስለ ንጽሕናው፣ ስለ ሠራተኞቹ ትሕትና ይጠይቃል። ስለ ሰልፉ ርዝመትም ጠይቋል። መሣሪያው ሲቆም ምክንያቱ ተነግሮን እንደ ሆነ ግን አልጠየቀም። የንግድ ሥራ ምሁሩ ዴቪድ ማይስተር ስለ ሰልፍ ሥነ ልቦና እ.ኤ.አ. በ1985 እንደ ጻፈው ግን ምክንያቱ ሳይነገር መጠበቅ ምክንያቱ ከተነገረው ይልቅ ረዝሞ ይሰማል፤ እኛን ያበሳጨንም እርሱ ነው።

መጨረሻ ላይ ባለው ባዶ ሳጥን ውስጥ እንዲህ ስል ጻፍኩ፦ “መሣሪያ ሲበላሽ አንድ ሠራተኛ ወደ ሰልፉ መጥቶ የሆነውን ይንገረን። በሰልፉ መንገድ ላይም አረጋውያን የሚያርፉባቸው ወንበሮች ይኑሩ፤ እናቴ 71 ዓመቷ ነው፤ ሰባ አምስት ደቂቃ ቆማለች።”