ከጉድጓዱ የጠፋው ቤንዚን ከመሬት አልጠፋም

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል ከአንድ ነዳጅ ማደያ የፈሰሰ ቤንዚን የሰፈሩን የከርሰ ምድር ውሃ በክሎ፣ የማጽዳቱን ሥራ እንድመራ ተጠየቅኩ። ብክለቱን መጀመሪያ የደረሱበት ከማደያው በታች የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው። በግቢያቸው በእጅ ከተቆፈረው ጉድጓድ የቀዱትን ውሃ እያሳዩኝ «ልጄ፣ ጋዝ ጋዝ ይላል፤ ልብስ እንኳ ባጥብበት ሽታው አይለቅም» አሉኝ። ከሁሉ በፊት ጉድጓዱን አሽገን ለቤተሰቡ ውሃ በቦቴ እንዲቀርብ አደረግን። ይህ ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም።

የማደያው ባለቤት «የፈሰሰው ጥቂት ነው» እያለ ይከራከር ነበር። በወረቀት አስልቼ አሳየሁት። የዓለም ጤና ድርጅት በቤንዚን ውስጥ ለሚገኘው ካንሰር አምጪ ኬሚካል፣ ለቤንዜን፣ በመጠጥ ውሃ ውስጥ ያስቀመጠው ገደብ በሊትር 10 ማይክሮ ግራም ነው። ከመኪና ቤንዚን ውስጥ የቤንዜን ድርሻ 1 በመቶ ብቻ ቢሆን እንኳ፣ በአንድ ሊትሩ ያለው 880 ሺህ ሊትር ገደማ ውሃን እዚህ ገደብ ላይ ያደርሳል። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ቆመ።

ቀጥሎ ምንጩን ማድረቅ ነበር። የገባውና የተሸጠው ነዳጅ ከጋኑ ልኬት ጋር ሲመሳከር ጉድለት ታየ፤ ቧንቧዎቹ በግፊት ሲፈተሹ ከጋኑ ወደ መቅጃው የሚሄደው መስመር መጋጠሚያው ላይ ያፈስ ነበር። መስመሩ ተቀየረ፤ በነዳጅ የራሰው አፈርም ተቆፍሮ ወጣ።

ከዚያ የመከታተያ ጉድጓዶች ቆፈርን። ላዩ መረሬ፣ ማለትም ጥቁር የሸክላ አፈር ነው፤ ከሥሩ ውሃው ያለበት ተፈርፍሮ አሸዋማ የሆነ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። ቤንዚን ከውሃ ስለሚቀል ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። የመለኪያውን ገመድ ወደ ጉድጓዱ ስናወርድ ነዳጁን ሲነካ ሳያቋርጥ ይጮኻል፤ ውሃው ላይ ሲደርስ ድምፁ ይቆራረጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የነዳጁ ውፍረት ነው።

የውሃ ናሙና አወሳሰድ ላይ ድርድር አላውቅም። 40 ሚሊ ሊትር የምትይዘውን ብልቃጥ ውሃው አፏ ላይ ጎበጥ ብሎ እስኪታይ መሙላት፣ ክዳኑን ማጥበቅ፣ ገልብጦ በጣት መታ መታ ማድረግ። አረፋ ከታየ ብልቃጧ ትጣል፣ በሌላ እንደ አዲስ ይቀዳ። ቤንዜኑ ወደ አረፋዋ ተንኖ ስለሚገባ የላቦራቶሪው ውጤት ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ይመጣል። በዚያ ቁጥር ተማምኖ የሚጠጣ ሰው አለ።

የሚንሳፈፈውን ቤንዚን እየቀዳን ክረምቱ ገባ። ነሐሴ ላይ ስንለካ ከየጉድጓዱ ጠፍቶ ነበር። ባለቤቱ በደስታ «እንግዲህ የመዝጊያውን ሪፖርት ጻፍልን» አለኝ፤ እኔ ግን እምቢ አልኩ። በክረምት ውሃው ከፍ ሲል ነዳጁን በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል አጥምዶ ያስቀረዋል፤ ወደ ጉድጓዱ መፍሰስ ስለማይችል የሌለ ይመስላል። በጋ መጥቶ ውሃው ሲወርድ ግን የታሰረው ይለቀቃል። ታኅሣሥ ላይ መለኪያው እንደገና ሳያቋርጥ ጮኸ። አንድ ክረምትና አንድ በጋ ሙሉ ሳይለካ «ጸድቷል» የሚል ሪፖርት ላይ መፈረም ሰውን መበደል ነው እላለሁ።

በቅንጣቶቹ መካከል የቀረውን በመቅዳት ብቻ ማውጣት አይቻልም። ይህን የሚበሉት በአፈሩ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ የሚያጥራቸው ኦክስጅን ነው። አንድ ግራም ሃይድሮካርቦን (ነዳጁ የተሠራበት ውህድ) ለማቃጠል 3 ግራም ያህል ኦክስጅን ይፈልጋሉ። በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ግን አንድ ሊትር ውሃ ከአየር የሚወስደው 7 ሚሊ ግራም ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በኮምፕረሰር ከውሃው በታች አየር ነፋን።

እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ የሕይወት ጉዳይ ነው። የተነፋው አየር ቤንዜኑን ይዞ ሲወጣ መረሬው እንደ ድስት ክዳን ያፍነዋል፤ እንፋሎቱም ወደ ጎን ሄዶ ከጎረቤት ቤት ወለል ሥር ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚነሣው እንፋሎቱን ስቦ በከሰል ማጣሪያ የሚያሳልፈው ማሽን ነው፤ ኮምፕረሰሩ ከእሱ በኋላ። ሲጠፋም ኮምፕረሰሩ ይቀድማል። በጋ ላይ መረሬው ሲሰነጠቅ ማሽኑ የሚስበው የውጭውን አየር እየሆነ ስላስቸገረን መሬቱን በወፍራም ፕላስቲክ ሸፈንነው።

«ተፈጥሮ ራሷ ታጸዳዋለች» የሚሉኝ ነበሩ። ከፊል እውነት አለው። በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ቤሚጂ አጠገብ በ1979 እ.ኤ.አ. ቧንቧ ፈንድቶ 1.7 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ድፍድፍ ነዳጅ ፈሰሰ። ተመራማሪዎች ቦታውን ከ1983 ጀምሮ ሲከታተሉ፣ ባክቴሪያዎቹ ብክለቱ ሩቅ እንዳይሄድ መግታታቸውን አይተዋል። ያልተነሣው ነዳጅ ግን ከአሥርት ዓመታት በኋላም ውሃው ላይ ነበር። ሰው በሚቀዳበት ሰፈር እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለኝም።

እንዲህ ያለ ሥራ የምትረከቡ ባለሙያዎች፣ ልኬቱ ክረምትንም በጋንም እንዲሸፍን፣ ማሽኖቹ ከቆሙ በኋላም እንዲቀጥል ከመነሻው ውሉ ውስጥ አስገቡ፤ ማሽን ሲቆም ቤንዜኑ እንደገና ከፍ ሊል ይችላልና። ባለቤቱ ወጪው በዛብኝ ካለ፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲሸፍን ያስገድዳል። እኔ አዋጁን በቦርሳዬ ይዤ ነበር የምሄደው።