ሴባስቶፖልን ማን ጎተተው?

ደሴ፣ ሐምሌ

ክረምቱን ማጠናከሪያ እያስተማርሁ ነው። ዛሬ ስለ ኃይልና እንቅስቃሴ ስንጀምር ሰሌዳው ላይ ምንም ቀመር ሳልጽፍ አንድ ጥያቄ አቀረብሁላቸው። ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ በሚወስደው መንገድ፣ ሜዳው ላይ፣ አንድ አይሱዙ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሳይጨምር ሳይቀንስ ቀጥ ብሎ ይሄዳል እንበል። መኪናው ላይ የሚያርፉት ኃይሎች ሁሉ ሲደመሩ ወዴት ያደላሉ? ወደፊት? ወደኋላ? ወይስ ወደየትም?

ብዙዎቹ «ወደፊት» አሉ። መልሱ ዜሮ መሆኑን ስነግራቸው ከፊት ወንበር የተቀመጠች ልጅ አልተዋጠላትም። «ቲቸር፣ ወደፊት ካላደላ ታዲያ ለምን ይሄዳል?»

የሰው ልጅ ወደ ሁለት ሺህ ዓመት ግድም ያሰበው ልክ እንደዚህች ልጅ ነው። አርስቶትል የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው ያስፈልገዋል ብሎ አስተማረ፤ ዓለምም ተቀበለው። ለምን አይቀበል? ዐይናችን የሚያየው እሱኑ ነው። በሬው ሲቆም ሞፈሩ ይቆማል፣ የሚገፋው ሰው እጁን ሲያነሳ ጋሪው ይቆማል። ነገሩ የተገለጠው ጋሊሊዮ ጠፍጣፋና ዘመም ያለ እንጨት ላይ ኳስ እያንከባለለ መመርመር ሲጀምር ነው። መንገዱ በለሰለሰ ቁጥር ኳሱ ይርቃል። ፈጽሞ ሰበቃ (መፋተግ) የሌለበት መንገድ ቢገኝስ? መቆሚያ የለውም። ኒውተን በ1687 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ የመጀመሪያው ሕግ ያደረገው ይህንኑ ነው፦ የቆመ እንደቆመ፣ የሚሄድም በያዘው ፍጥነት ቀጥ ብሎ እንደሄደ ይኖራል፤ የውጭ ኃይል ካልደረሰበት በስተቀር።

እንግዲህ የአይሱዙው ሞተር ሥራ መኪናውን «ማስኬድ» አይደለም። ነፋሱና የጎማው ሰበቃ ወደኋላ የሚወስዱትን ያህል ወደፊት መመለስ ነው። ሒሳቡ ሲዘጋ ዜሮ ይመጣል፤ መኪናው ግን 60ውን ይዞ ይቀጥላል። ኃይል የሚያስፈልገው ለመሄድ ሳይሆን አካሄድን ለመለወጥ ነው፦ ለመነሣት፣ ለመፍጠን፣ ለመታጠፍ፣ ለመቆም። ልጆቹ ከዚህ ክረምት ይህቺን አንዲት ነገር ብቻ ይዘው ቢወጡ እኔ በቂዬ ነው። ቀመሩንማ በቃላቸው ያውቁታል፤ ፈተና ላይም ይጽፉታል። ውስጣቸው ያለው ግን አሁንም አርስቶትል ነው።

እኛ ወሎዎች ይህን ለመማር የታደልን ነን ብዬ አምናለሁ። ሐረጎ የሚባለው ቁልቁለት አለልንና! ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ በዚያች ርቀት ግን 600 ሜትር ያህል ወደታች ይጥላል። አጎቴ ዕድሜውን በአሰብ መስመር ተሳቢ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። «መኪና የሚነዳው ቁልቁለት ላይ ነው፤ ዳገቱንማ ሞተሩ ይወጣዋል» ይላል። ረዳቶቹን ሲያሰለጥንም ከአፉ የማይለየው «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚለው ነበር። ፊዚክስ ተምሬ ስመለስ ይህን ምክሩን በቁጥር አሰላሁት። ከነጭነቱ 15 ቶን የሚመዝን መኪና 600 ሜትር ሲወርድ ከ88 ሚሊዮን ጁል በላይ ጉልበት ይለቃል። ኮምቦልቻ ሲደርስ ፍጥነቱ ከደሴ ሲነሣ ከነበረው ካልጨመረ፣ ያ ሁሉ መንገድ ላይ ሙቀት ሆኗል ማለት ነው። ከ250 ሊትር የሚበልጥ ውሃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ የሚያፈላ ሙቀት ነው! ሾፌሩ ከባድ ማርሽ ይዞ ከወረደ አብዛኛውን ሞተሩ ይቀበልለታል። ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ማርሹን ነፃ አድርጎ ከለቀቀው ግን ሁሉም ፍሬኑ ላይ ያርፋል። ፍሬን ደግሞ ከመጠን በላይ ሲግል መያዝ ይሳነዋል። «ፍሬን በጠሰ» ሲባል የምንሰማው ብዙ ጊዜ መነሻው ይህ ነው። ማርሹን ነፃ አድርጎ የሚወርድ ሾፌር ያለበት ሚኒባስ ውስጥ ስቀመጥ ዝም ብዬ አላውቅም፤ እናገራለሁ። ተሳፋሪውም ቢናገር እወዳለሁ።

የክረምቱ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬን ከተያዘበት ቅጽበት ጀምሮ ሜዳ ላይ ወደ 20 ሜትር ተንሸራቶ ይቆማል። በእርጥብ አስፋልት 35 ሜትር አካባቢ ይፈልጋል፤ ቁልቁለቱ ሲጨመርበት 40ን ያልፋል። ሾፌሩ አይቶ እግሩን ፍሬኑ ላይ እስኪያደርስ የሚሄደው ገና አልተቆጠረም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የመቆሚያው ርቀት አራት እጥፍ መሆኑን ልጆቹ ደጋግመው እንዲያሰሉ አደረግሁ። ሐረጎን የሸፈነ ጉም ውስጥ ሾፌሩ ፊቱን 30 ሜትር እንኳ በማያይበት ቀን ይህ ስሌት የሕይወት ጉዳይ ነው።

ከዚያ በሐሳብ ወደ መቅደላ ሄድን። ይህን ክፍል ለማስተማር ዓመቱን ሙሉ እጠብቃለሁ።

የመማሪያ መጽሐፎች ስለ ዘመም ያለ ወለል ሲያስተምሩ አንድ ሣጥን ይስላሉ። ያቺ ሣጥን የማን እንደሆነች፣ ወዴት እንደምትሄድ፣ ማን እንደሚጎትታት አይታወቅም። እኛ ዘንድ ግን ሴባስቶፖል አለ። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ በአውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ያሠሩት መድፍ ወደ 7 ቶን፣ ማለትም 70 ኩንታል ያህል ይመዝናል። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነው። ግማሽ ዓመት መሆኑ ነው። መንገድ አልነበረም፤ ሠራዊቱ ከፊት ከፊት ድንጋይ እየፈነቀለ መንገዱን እየጠረገ፣ የጂዳንና የበሽሎን ወንዞች ገደል እየወረደና እየወጣ አደረሰው። መድፉ ዛሬም እዚያው መቅደላ ላይ አለ።

እስቲ እናስላው ተባባልን። 7 ቶኑን መድፍ መሬት በ68,600 ኒውተን (ኒውተን የኃይል መለኪያ ነው) ወደ ራሷ ትስበዋለች። 10 ዲግሪ በዘመመ ዳገት ላይ ከዚያ ውስጥ ወደ 12 ሺህ ኒውተን የሚሆነው መድፉን ወደኋላ ይጎትታል። አንድ ሰው ያለማቋረጥ 200 ኒውተን ይጎትታል ብንል፣ መድፉ ወደኋላ እንዳይንሸራተት ለመያዝ ብቻ 60 ሰው ያስፈልጋል። ገና ምንም አልተንቀሳቀሰም፤ የመንኮራኩሩ ሰበቃም አልታሰበም። ዳገቱ 20 ዲግሪ ሲሆን ሰዎቹ ወደ 120 ይጠጋሉ። ደግሞ አንዴ የቆመን ነገር ማስነሣት ሲሄድ ከመጎተት ይከብዳል፤ ቆሞ የተጣበቀ ነገር ሰበቃው ይበረታልና። መንኮራኩሩ ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥማ እንዴት ይሆን?

እዚህ ላይ ያቺው ልጅ እጇን አነሣች። ሦስተኛውን ሕግ ታውቀዋለች፦ አንዱ ሌላውን ሲገፋ ሌላውም በእኩል ኃይል መልሶ ይገፋዋል። «ወታደሮቹ ገመዱን በሳቡት ልክ ገመዱም እነሱን ወደኋላ ይስባቸዋል። እኩል ከሆነ ማን ያሸንፋል? እንዴትስ ተንቀሳቀሰ?»

ከሦስቱ ሕጎች ሰው ሁሉ የሚያነክስበት እዚህ ነው። ሁለቱ ኃይሎች እኩል ናቸው፣ አቅጣጫቸውም ተቃራኒ ነው፤ ግን የሚያርፉት አንድ አካል ላይ አይደለም። አንዱ መድፉ ላይ ያርፋል፣ ሌላው ሰዎቹ ላይ። ስለዚህ አይጣፉም። መድፉ ለምን ተነሣ ብሎ የሚጠይቅ ሰው መድፉ ላይ ያረፉትን ብቻ ይቁጠር፦ ገመዱ ወደፊት፣ ሰበቃውና ዳገቱ ወደኋላ። ገመዱ ካየለ መድፉ ይነሣል። ሰዎቹስ? እነሱን ገመዱ ወደኋላ ይስባቸዋል። ወደፊት የሚገፋቸው ማን ነው? ሰሌዳውን ሁሉ ብንፈልግ አንድ ብቻ እናገኛለን፤ እግራቸው ሥር ያለው መሬት። ወታደሩ እግሩን ተክሎ መሬቱን ወደኋላ ይገፋል፣ መሬቱም እሱን ወደፊት ይገፋዋል። የሚያንሸራትት ጭቃ ላይ የቆመ ሰው የቱንም ያህል ጡንቻ ቢኖረው ገመዱን ሲስብ ራሱ ወደ መድፉ ይሳባል።

ይህን ሳስብ የዚያ ሠራዊት ሥራ ሌላ መልክ ይዞ ይታየኛል። የመንገድ ጠረጋው ድካም ሁሉ የሰበቃ ጉዳይ ነበር፤ መንኮራኩሩ ሥር እንዲያንስ፣ እግር ሥር ግን እንዳይጠፋ። ሁለቱን በአንድ መንገድ ላይ ማግኘት ቀላል አይደለም። ድንጋይ አንሥተህ ደልዳላ ስታደርገው ለመንኮራኩሩ ይመቻል፣ እግር ግን መርገጫ ያጣል።

ቁልቁለቱ ደግሞ ከዳገቱ የባሰ ነው፤ አጎቴ እንዳለው። 20 ዲግሪ በዘመመ መውረጃ ላይ ገመዱ ቢለቀቅና ሰበቃ ባይኖር፣ መድፉ በ5 ሴኮንድ ውስጥ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር በደረሰ ነበር። የአይሱዙው ፍጥነት መሆኑ ነው። ጂዳ ሲወርድ ያንን የሚይዘው ፍሬን የሰው ትከሻና እግር ነበር። ስማቸው አልተጻፈም። የሁለተኛውን ሕግ ቀመር (ኃይል ለመጠነ ቁስ ሲካፈል ፍጥነቱ ምን ያህል ቶሎ እንደሚለወጥ ይሰጣል) ማንም አላስተማራቸውም፤ ግን መጠነ ቁስ የበዛበት ነገር ለመነሣትም ለመቆምም እምቢተኛ መሆኑን በገመድ በተላጠ እጃቸው ያውቁት ነበር። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ክፍሉ ጸጥ አለ፤ እኔም ትንሽ ዝም አልሁ።

ልትወጣ ስትል ልጅቷ ተመልሳ መጣች። መሬት መድፉን ከሳበች መድፉም መሬትን ይስባል ማለት ነው ወይ? አዎ፣ በዚያው በ68,600 ኒውተን! የመሬት መጠነ ቁስ ወደ 6 ሴፕቲሊዮን ኪሎ ግራም ነው፤ ከ6 ቀጥሎ 24 ዜሮ። መድፉ ከገደል ለ10 ሴኮንድ ቢወድቅ መሬት ወደ እሱ የምትነሣው ከአቶም እምብርት ስፋት በሺህ የሚቆጠር እጥፍ ያነሰ ርቀት ነው። ኃይሉ እኩል ሆኖ ለውጡ ግን ይህን ያህል ይራራቃል። ሁለተኛው ሕግ ማለት ይኸው አይደል? ራሷ በደብተሯ ላይ አካፍላ አገኘችው።

ለነገ የሰጠኋቸው የቤት ሥራ ኩርባ ነው። 30 ሜትር ሬዲየስ ያለውን ኩርባ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚታጠፍ ሚኒባስ ወደ ኩርባው መሃል የሚስበው ኃይል የክብደቱን ስንት እጅ ይሆናል? ወደ 42 ከመቶ ይመጣል። የእርጥብ አስፋልት ሰበቃ 40 ከመቶ ብቻ ቢሆን ጎማው ያንን መስጠት ይችላል ወይስ አይችልም? መልሱን ይዘው ይምጡ፤ ከዚያ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር መታጠፍ እንዳለበት አብረን እናሰላለን።