ርካሹ ልጅ እኔ ነኝ

የአጎቴ ልጅ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ሁሌ የሚደውለው ቅዳሜ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ሌሊት 9 ሰአት ላይ ስልኬ ሲጮህና ስሙን ሳይ ለቅሶ መስሎኝ ልቤ ድው አለ። ለቅሶ አይደለም፣ ከስራ ቀንሰውታል። ሰባት አመት አንድ ካምፓኒ ውስጥ ኪውኤ ሆኖ ሶፍትዌር ሲፈትሽ የኖረ ልጅ ነው፣ ቲሙን በሙሉ አንስተው ስራውን ህንድ፣ ሀይደራባድ ወሰዱት። ያበሳጨው ደሞ መቀነሱ ብቻ አይደለም፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ወራት ስራውን ለሚረከቡት ልጆች ሲያስተምር ነው የከረመው፣ ካላስተማርክ የስንብት ክፍያህን እርሳው ብለውታል። «ኖሌጅ ትራንስፈር» ነው ስሙ። የራስህን ጉድጓድ እየቆፈርክ ስክሪን ሼር አድርገህ ማሳየት በለው። አዲስ ነገርም አይደለም እኮ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ዲዝኒ ኦርላንዶ ላይ 250 ገደማ የአይቲ ሰራተኞች አሰናብቶ ከነሱ ብዙዎቹ ከህንድ የመጡ ተተኪዎቻቸውን አሰልጥነው እንደወጡ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ጉድ ተብሎ ነበር።

«እናንተ ርካሾች ናችሁ የጨረሳችሁን» አለኝ። እየሳቀ ነው ያለው ግን ሳቁ ሳቅ አልነበረም። እኔ ህንድ መሰልኩህ እንዴ ስለው «ባክህ አንተም ያው ነህ፣ ብርህ በኔ አካውንት አይደል የሚያልፈው?» ብሎ ዝም አሰኘኝ።

እውነቱን ነው። ፔይፓል እዚ ሀገር ሆነህ ብር አያስቀብልህም፣ ስለዚ አምስተርዳም ያለው ኮድ የምጽፍለት ክላየንቴ የሚከፍለው ለሱ ነው፣ እሱ ደሞ ወደኔ ያደርሳል፣ እንዴት እንደሚያደርስ እዚ አልጽፍም። እና ዋጋዬን በሳንቲም የሚያውቅ ሰው ቢኖር እሱ ነው፣ በሰአት 18 ዶላር። እሱ እስካለፈው ወር ድረስ በሰአት 52 ያገኝ ነበር። የምንሰራው ስራ አንድ አይደለም ግን እመኑኝ የኔ ከሱ አይቀልም።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ትዝ ያለኝ 2011 ላይ የምሰራበት ካምፓኒ ነው። ቦሌ አካባቢ፣ ፎቅ ላይ፣ ቡና በነጻ፣ ወንበሩ የሚሽከረከር። ለውጭ ክላየንቶች ነበር የምንሰራው፣ ደሞዜ 14 ሺ ብር፣ ለዛን ጊዜ አሪፍ ነው፣ እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ ነግራለች። አንድ ቀን ሂሳብ የምትሰራው ልጅ ለክላየንቱ የሚላከውን ኢንቮይስ በስህተት ለቲሙ በሙሉ ላከችው። ስሜ አለ፣ ከስሜ ጎን በሰአት 28 ዶላር ይላል፣ 160 ሰአት። 4480 ዶላር ማለት ነው፣ ያኔ ዶላር በባንክ 29 ብር ግድም ስለነበር 130 ሺ ብር ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ለኔ የሚደርሰኝ 14 ሺ። ከመቶ 11 እንኳን አይሞላም። ቤት ያሻሻጠ ደላላ 2 ፐርሰንት ጠየቀን ብለን ሌባ የምንል ሰዎች ነን እኮ።

ለፍትህ ያህል አለቃዬም ወጪ አለበት፣ የቢሮ ኪራይ፣ ጄኔሬተር፣ ክላየንት ፍለጋ የሚያጠፋው ጊዜ፣ ስራ ሳይኖር የከፈለን ወራትም ነበሩ። ግን ቢሮው ገብቼ ስጠይቀው ስለወጪ አንድም ቃል አልነገረኝም፣ ያለኝ «ከዚ ብትወጣ የት ትሄዳለህ? ባንክ አይቲ ብትገባ 11 ሺ ነው የሚሰጡህ» ብቻ ነው። ተናድጄ ወጣሁ። በኋላ በኋላ ሳስበው ግን ስለ ግሎባላይዜሽንና አውትሶርሲንግ (ስራን ለውጭ ሰው አውጥቶ መስጠት) ካነበብኩት ሁሉ የዚ ሰውዬ መልስ ነው ነገሩን ቁልጭ አድርጎ የሚያስረዳው። ማንም የሚከፍልህ ስራህ የሚያወጣውን አይደለም፣ እሱን ትተህ ብትሄድ ከምታገኘው ትንሽ ከፍ አድርጎ ነው።

ገርጂ ጸጉሬን የሚቆርጠኝ ልጅ ነበር፣ ዲቪ ደርሶት ሄደና አሁን እዛው የአጎቴ ልጅ ሰፈር ይቆርጣል። ያው እጅ ነው፣ ያው ማሽን፣ እንደውም የአጎቴ ልጅ እንደሚለው እዛ ከሄደ ጀምሮ ችኩል ሆኗል። እዚ 150 ብር ነበር የምከፍለው፣ እዛ ከነጉርሻው 35 ዶላር ነው። ልጁ ሙያ አልጨመረም፣ የተቀየረው ዙሪያውን ያለው ሰው ነው፣ እዛ ማንም ሰው መጋዘን ገብቶ ካርቶን ሲያነሳ የሚያገኘው ብር ትልቅ ስለሆነ ጸጉር ቆራጭ እንዳይጠፋ ከሱ የማያንስ መክፈል አለባቸው። ጸጉር ደሞ በኢንተርኔት አይቆረጥም። ኮድ ግን ይቆረጣል፣ ስለዚ ታድያ ዋጋው እዚም እዛም እኩል መምጣት አልነበረበትም ወይ? እኔ ተማሪ እያለሁ እንደዛ መስሎኝ ነበር፣ ኢንተርኔት መጣ፣ አለም ጠበበች፣ በቃ። አልሆነም፣ ምክንያቱም ክላየንቱ የኔን ኮድ ከአምስተርዳም ልጅ ኮድ ጋር ሳይሆን የኔን አማራጭ ከሱ አማራጭ ጋር ነው የሚያወዳድረው።

ይሄንን ሳይደብቁ የሚሰሩትም አሉ። ጊትላብ የሚባለው የሶፍትዌር ካምፓኒ ሰራተኞቹ በሙሉ ሪሞት ናቸው፣ ካሉበት ሆነው ነው የሚሰሩት፣ ያለህበት ቦታ ደሞዝህን በስንት እንደሚያባዛው በግልጽ ህግ አድርጎ ጽፎታል፣ ያው ስራ ሆኖ ሳንፍራንሲስኮ ስትሆን ሌላ ነው ሌላ ሀገር ስትሆን ሌላ ነው። በተቃራኒው 37ሲግናልስ የሚባል ሌላ የሶፍትዌር ካምፓኒ የትም ሁን የት በሳንፍራንሲስኮ ዋጋ ነው የምከፍለው ይላል፣ ግን ትንሽ ካምፓኒ ነው፣ አንድ ቦታ ሲከፍት ከመላው አለም ነው የሚያመለክቱት፣ እድሉ ከዲቪ አይሻልም።

ህንዶቹስ? የአጎቴ ልጅ ስራውን በነጻ የወሰዱት ነው የሚመስለው። የነሱን ታሪክ ሳነብ ግን ቅናትም ሀዘንም ነው የሚሰማኝ። ኢንፎሲስ የሚባለውን የሶፍትዌር ካምፓኒ እ.ኤ.አ. በ1981 ሰባት ሰዎች በ250 ዶላር ነው የጀመሩት፣ የአሜሪካው ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ በ1985 ባንጋሎር ገባ፣ ከዛ እ.ኤ.አ. የ2000 የኮምፒውተር ችግር (አሮጌ ፕሮግራሞች አመቱን በሁለት አሃዝ ስለሚይዙ 2000ን ከ1900 አይለዩም ተብሎ የተፈራው) መጣና አሮጌ ኮድ መስመር በመስመር የሚያይ ብዙ ሰው ሲፈለግ እነሱ ተዘጋጅተው ጠበቁ። ቅናቱ እዚ ጋ ነው፣ እኛ ያኔ ሞደም እንኳን ብርቅ ነበር። ሀዘኑ ደሞ፣ ትላልቆቹ የህንድ ካምፓኒዎች ለአዲስ ተመራቂ የሚከፍሉት በአመት ከ3 መቶ ሺ እስከ 3 መቶ 60 ሺ ሩፒ አካባቢ ላይ ከአስር አመት በላይ ቆሞ ቀርቷል። የኑሮ ውድነቱ አልቆመም፣ የቤት ኪራዩም አልቆመም፣ የጁኒየሩ ደሞዝ ብቻ ነው የቆመው። ልምድ ያለው ሲኒየር እዛው ባንጋሎር ውስጥ ጎግል ወይ ማይክሮሶፍት ቢሮ ገብቶ ጥሩ ብር ይበላል፣ ጁኒየሩ ግን ከኋላው በየአመቱ በመቶ ሺዎች እየተመረቁ ስለሚመጡ ምን ብሎ ይከራከራል? ከሀይደራባዱ ልጅና ከአጎቴ ልጅ ደሞዝ መሀል ያለው ልዩነት የት ሄደ ብትሉ የሀይደራባዱ ልጅ ኪስ ውስጥ አይደለም።

ናይሮቢ ደሞ የባሰ ነው። ሳማ የሚባለው ካምፓኒ ለፌስቡክ ፖስት የሚያጣሩ ሰዎች ናይሮቢ ላይ ቀጥሮ ነበር፣ ውስጡ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ የሚያነቡ ልጆች ነበሩ፣ በጦርነቱ ጊዜ እኛ ስክሮል አድርገን የምናልፈውን ሬሳ ቀኑን ሙሉ ሲያዩ የሚውሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 ኮንትራቱ ሲያልቅ ከ180 በላይ የሚሆኑት ኬንያ ፍርድ ቤት ከሰዋል። ይሄው ካምፓኒ ቻትጂፒቲን ለሚሰራው ለኦፕንኤአይም ጽሁፍ በማጣራት ሰርቷል፣ ታይም መጽሄት እንደጻፈው ኦፕንኤአይ በሰአት 12 ዶላር ከ50 ለሳማ ለመክፈል ሲዋዋል ጽሁፉን የሚያነቡት ልጆች እጅ የደረሰው ከ1 ዶላር ከ32 እስከ 2 ዶላር ነው። አስሉት እስኪ። ከ12.50 ላይ 1.32 ማለት ከመቶ 11 እንኳን አይሞላም። ይሄን ቁጥር ሳየው የኔ ኢንቮይስ ነው ፊቴ ላይ የመጣው፣ ደላላው ሁሉ አንድ ቦታ ተማክሮ የተመነ ነው የሚመስለው።

የአጎቴ ልጅ መፍትሄው ገብቶኛል ይላል፣ አጥር። ትራምፕ እ.ኤ.አ. መስከረም 2025 ላይ ለአዲስ ኤችዋንቢ ቪዛ (የውጭ ባለሙያ ቀጥሮ ለማስገባት የሚሰጠው) 100 ሺ ዶላር ክፍያ ሲያውጅ ደስ ብሎት ነበር፣ ራሱ በዲቪ የሄደ ሰው መሆኑን ረስቶ። ኤችዋንቢ እኮ በፊትም በአመት 65 ሺ ነው፣ አሜሪካ ማስተርስ ለሰሩ ሌላ 20 ሺ፣ ያን ያህል በር አይደለም። ወንድሜ፣ አጥሩ የሚያቆመው ሰውን ነው፣ ኮዱ ቪዛ አይጠይቅም፣ እንደውም ልጁ ሜሪላንድ መጥቶ ከጎንህ እንዳይቀመጥ ስትከለክለው ስራው ነው ተነስቶ ወደሱ የሚሄደው አልኩት። ከጎንህ ቢቀመጥ ኖሮ ቢያንስ ኪራይ የሚከፍለው በናንተ ሀገር ዋጋ ነው፣ በ18 ዶላር አይሰራልህም። አልተስማማንም፣ እንቅልፍህን ተኛ ብሎ ዘጋው።

እና እኛስ? እኛ ርካሽ ነን ብለን እንኳን በደንብ መሸጥ አልቻልንም። ሰኔ 23 ቀን 2012 ሀጫሉ በተገደለ ማግስት ኢንተርኔት ጠፍቶ ሶስት ሳምንት ያህል ሲቆይ እኔ ከካምፓኒው ወጥቼ ፍሪላንስ ከጀመርኩ ገና አራተኛ ወሬ ነበር። ጀርመን አንድ ክላየንት ነበረኝ፣ ሰውዬው ለሱ በቃ የጠፋሁ ሌባ ነኝ፣ ኢንተርኔቱ ሲመጣ ኢሜሌ ላይ አስራ አንድ መልእክት፣ የመጨረሻው «መልካም እድል» የሚል። ከዛ በኋላ ዋጋ ስጠራ ራሴው ቀንሼ ነው የምጠራው፣ ከኬንያ ልጅ ጋር ስወዳደር እሱ በሚያስከፍለው ላይ ኔትወርክ የሚጠፋበትን ቀን ሁሉ ቀንሼ ማሰብ አለብኝ፣ ክላየንቱ ሳይጠይቀኝ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ይወሰን ሲባል ደሞ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ሳምንታት ሳይቆይ 100ን አለፈ። አንድ መስመር ኮድ ሳልጨምር ገቢዬ በብር እጥፍ ሊሆን ደረሰ፣ የድሮ ካምፓኒዬ ጓደኞቼ ግን በብር የሚከፈላቸው ዘይትና ኪራዩ ሲጨምር እነሱ ቆመው ቀሩ። አንዱ ሲኒየር ዴቨሎፐር ነው፣ ከኔ ጎበዝ ነው በእውነት፣ አሁን ማታ ማታ ራይድ ይሰራል። በዛው ሰሞን ነው አምስት ሚሊዮን ኮደሮች የሚለው ስልጠና ከኤምሬትስ ጋር ሆነው የጀመሩት። መማሩ ጥሩ ነው፣ የምጠይቀው ግን ሰልጥኖ ሲወጣ ጁኒየር ማን ይቀጥረዋል የሚለውን ነው። አንዴላ የሚባል ካምፓኒ እ.ኤ.አ. በ2014 ሌጎስ ላይ ጁኒየሮችን አሰልጥኜ ለአለም አከራያለሁ ብሎ ጀምሮ በ2019 ናይጄሪያ፣ ኬንያና ኡጋንዳ ውስጥ 400 ያህል ጁኒየር ቀነሰ፣ ክላየንቶቹ ልምድ ያለው ነው የሚፈልጉት ብሎ። ያኔ ኤአይ ኮድ መጻፍ እንኳን አልጀመረም።

ለአጎቴ ልጅ ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ። ከሚያዝያ ጀምሮ የአምስተርዳሙ ስራ ሲበዛብኝ ባህር ዳር አንድ ልጅ ይዣለሁ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ አንድ አመቱ ነው፣ ጎበዝ፣ ሌሊት መብራት ሲመጣ ተነስቶ የሚሰራ አይነት ልጅ። በወር 80 ሰአት ያህል ይሰራልኛል፣ 25 ሺ ብር እሰጠዋለሁ፣ ሲሰማ በጣም ነው ደስ ያለው፣ እዛ ከተማ ለጀማሪ ከዚ ሲሶውን ነው የሚሰጡት። ክላየንቱ ስለልጁ አያውቅም፣ ሰአቱን በኔ ስም ነው የማስገባው።

ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አሰላሁት። 80 በ18፣ 1440 ዶላር። ዶላሩን በ130 ብር እንኳን ብናሰላው 187 ሺ ብር ነው። 25 ሺው ከዛ ላይ ከመቶ 13 ነው፣ እና ትንሽ ፍንጣሪ። ከድሮ አለቃዬ በ2 ፐርሰንት እሻላለሁ ማለት ነው። ወጪም አለብኝ እኮ፣ ኮዱን የማየው እኔ ነኝ፣ ኮዱ ላይ ስህተት ሲገኝ የምጠየቀው እኔ ነኝ፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ ሌባ የምባለውም እኔ ነኝ። ደሞ ከኔ ቢወጣ የት ይሄዳል?

ሀሙስ ማታ ልጁ ቴሌግራም ላይ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ክላየንቱ ላንተ በሰአት ስንት ነው የሚከፍልህ?» ብሎ ጽፎልኛል። እንዳነበብኩት ያውቃል፣ ሁለቱ ምልክት በርቶለታል። ዛሬ እሁድ ነው፣ እስካሁን አልመለስኩለትም።