መጀመሪያ ወንበር፣ ከዚያ ሕግ

እሮብ እሮብ ማታ፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ፣ አንድ የጨዋታ ሱቅ ጓዳ ውስጥ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚባል የጠረጴዛ ላይ የምናብ ጨዋታ አጫውታለሁ። በየከተማው በአንድ ሕግ የሚካሄደውን፣ አድቬንቸረርስ ሊግ የሚሉትን። አምስት ስድስት ሰው ጠረጴዛ ይከባል። ዲኤም የምንለው ታሪኩን ይመራል፣ ሌላው በገጸ ባሕርዩ ሆኖ ይወስናል፣ ዕድሉን ባለ 20 ጎኑ ዳይስ ይቆርጣል። በ2014 የተጀመረው ሊግ ደግሞ ገጸ ባሕርይህን ይዘህ ሌላ ከተማ፣ ከማታውቀው ሰው ጋር እንድትቀጥል ያደርግሃል።

ሲያወሩት ከዚህ የበለጠ ለእንግዳ ክፍት ጨዋታ የለም። እኛ ጋ ግን እንግዳ አይበረክትም ነበር።

ዓይኔን የገለጠችልኝ አንዲት ልጅ ናት። ሀበሻ ናት፣ አሜሪካ ከገባች ዓመት አልሞላትም። የተዘጋጀ የገጸ ባሕርይ ወረቀት ሰጥተን አስቀመጥናት። ተራዋ ሲደርስ ወረቀቱን በጣቷ ትፈልጋለች። አፏን ሳትከፍት ግራና ቀኝ ያሉት «በእሳት በይው! ወደኋላ ሽሺ!» ይሏታል። ማገዛቸው ነው። መሐል ላይ ደግሞ የዛሬ ሁለት ዓመት የገደሉትን ዘንዶ እያነሱ ይሳሳቃሉ። እረፍት ላይ ጃኬቷን ለበሰች። «አመሰግናለሁ ጋሼ» ብላኝ ወጣች። አንድም ጊዜ በራሷ ሐሳብ ዳይስ አልወረወረችም።

ያን ማታ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። እኔን ያሳደጉኝ ሰው ሲገባ «ኖር!» ብለው ከመቀመጫቸው የሚነሱ ሰዎች ናቸው።

ከዚያ ወዲህ አንዱ ጠረጴዛ ሁልጊዜ የሌቭል 1፣ ማለትም የመጀመሪያው ደረጃ ነው። ነባሮቹም እዚያ ከተቀመጡ አዲስ ገጸ ባሕርይ ይዘው ነው። አራት ሰዓት የሚፈጀውን ጀብዱ (የአንድ ማታ ታሪክ) ትቼ ሁለት ሰዓት የሚፈጀውን መረጥኩ፤ በማግስቱ ሥራ ያለበት ሰው እንዳይሳቀቅ።

ሕግ ማስረዳቱንም ተውኩት። ድሮ ከግማሽ ሰዓት በላይ እለፈልፍ ነበር። አሁን «ምን ማድረግ እንደምትፈልጊ ንገሪኝ፣ የቱን ዳይስ እንደምትወረውሪ እኔ እነግርሻለሁ» እላለሁ፣ በቃ። ወረቀቱ ላይ ሦስት ነገር ብቻ በቢጫ አቀልማለሁ፦ ምት፣ መከላከያ፣ የቀረ ሕይወት። ለጀማሪ አስማተኛ አልሰጥም፤ የአስማቱ ዝርዝር ብቻውን ያስደነግጣል። ተዋጊ ወይም ሌባ ይሻላል።

ከሁሉም የከበደው ዝም ማለት ነው። ተራው ያልሆነ ሰው ካልተጠየቀ አይመክርም አልኩ። አንድ ነባር ተጫዋች ተቀይሞ ሁለት ወር ቀረ። አዘንኩ፤ ሕጉን ግን አላነሳሁም።

ርቀው ቆይተው የሚመለሱትን መቀበል እንዲያውም ይብሳል። አንድ ሰውዬ ከዓመታት በኋላ ሰማያዊ ክላሰር ይዞ መጣ። ውስጡ በገዛ እጁ ጀብዱ በጀብዱ የመዘገበው ነጥብና ወርቅ ነው። እሱ በሌለበት በ2018 የሌቭል አቆጣጠሩ ተቀየረ፣ በ2019 እንደገና ተቀየረ፣ በ2024 ደግሞ የተጫዋቾች መጽሐፉ ራሱ ታድሶ ወጣ። ድሮ ቢሆን የመጀመሪያው ቃላችን «ይሄ አሁን አይሠራም» ነበር። ሰው ያን ያህል የደከመበትን ይዞ ሲመጣ እንዴት እንዲህ ይባላል?

ክላሰሩን ከፍቼ «እሷ ማን ናት?» አልኩት። ስለ ገጸ ባሕርዩ፣ ስለ ካህኗ፣ አሥር ደቂቃ አወራኝ። ጓደኞቿን ከጎርፍ እንዴት እንዳወጣች ሲነግረኝ ድምፁ ተለወጠ። ሕጉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ ያውም በግማሽ ገጽ፦ ያን ማታ የሚያጋጥመው ለውጥ ብቻ። በ2014ቱ ሕግ የፈውስ መድኃኒት ስትጠጣ የተራህ ዋና ድርጊት እዚያ ላይ ያልቃል፣ አትመታም። በ2024ቱ ጠጥተህም ትመታለህ። ያን ማታ በአዲስ ገጸ ባሕርይ ሲጫወት ጎብሊኖች የሚባሉት ትንንሽ ጭራቆች ሲከቡት «ሁለቱንም?» አለኝ። «ሁለቱንም» አልኩት። ከወንበሩ ተነስቶ ወረወረ። ካህኗ ደግሞ ከፍ ያለው ሌቭል ጠረጴዛ እስኪዘጋጅ ክላሰሩ ውስጥ ትጠብቀዋለች።

አሁን ሃያ ደቂቃ ቀድሜ እገባለሁ። ከእኔ ግራና ቀኝ ሁለት ወንበር ባዶ አስቀራለሁ፣ ፊት ለፊታቸው ዳይስና እርሳስ አኖራለሁ። ለሚመጣ ሁሉ መጀመሪያ የማነሳው ጥያቄ የገጸ ባሕርዩን ስም ነው።

ልጅቷ አልተመለሰችም። ወረቀቷ እኔ ጋ አለ። የስም መጻፊያው ቦታ ባዶ ነው፤ ማናችንም አልጠየቅናትም ነበር።