የድሮ ፎቶ ዓመቱን ከምን ያስታውቃል?

በቆየ የአሜሪካ ፎቶግራፍ ሥር «በ1860ዎቹ የተነሣ» የሚል መግለጫ ሳይ ወዲያው አልቀበለውም። ብዙ ጊዜ እንዲህ ብሎ የሚጽፈው ፎቶ አንሺው ሳይሆን አልበሙን የወረሰ ዘመድ ወይም ለገበያ ያወጣው ነጋዴ ነው፤ ሁለቱም የሚጽፉት በግምት ነው። ፎቶው ራሱ ግን ዓመቱን የሚያሳብቅ ነገር አያጣም። እዚህ የማሰፍረው ያንን የምፈልግበትን መንገድ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ባንዲራ ነው። አዲስ ግዛት በተጨመረ ቁጥር በሚቀጥለው ጁላይ 4 ኮከቡም ይጨመራል። ከ1896 እስከ 1908 ኮከቦቹ 45 ነበሩ፤ ከዚያ እስከ 1912 ድረስ 46፤ ከ1912 እስከ 1959 ደግሞ 48። ባለ 48ቱን መለየት ቀላል ነው፤ ስምንት ስምንት ኮከብ የያዙ ስድስት ረድፎች ስለሆኑ ወደ ጎንም ወደ ታችም ቀጥ ያለ መስመር ይሠራሉ። ከ1960 ወዲህ ባለው ባለ 50ው ግን ረድፎቹ የተዛነፉ ናቸው። ከ1912 በፊት ሁሉንም የሚያስገድድ ደንብ ስላልነበረ ባንዲራውን የሚሰፋው ሰው ኮከቦቹን እንደመሰለው ይደረድራቸው ነበር፣ አንዳንዱም በክብ። ስለዚህ ለዚያ ዘመን ቅርጹን ትቶ መቁጠር ነው። እዚህ ላይ የሚደጋገም ስሕተት አለ፦ ባንዲራ ፎቶው ከመቼ ወዲህ እንደተነሣ እንጂ ከመቼ በፊት እንደሆነ አይናገርም። አሮጌ ባንዲራ ለዓመታት ተሰቅሎ ሊኖር ይችላልና።

ከባንዲራ የበለጠ የማምነው ሕንፃን ነው። የዋሽንግተን ሐውልት በ1848 ተጀምሮ በ1854 ገንዘቡ ሲያልቅ 46 ሜትር ገደማ ላይ ቆመ። ከሃያ ዓመት በላይ እንደተቆረጠ ግንድ ጉቶ ሆኖ ከርሞ በ1884 መጨረሻ 169 ሜትር ላይ ተጠናቀቀ። ጉቶውን የሚያሳይ ፎቶ ላይ «1890» የሚል ከተጻፈ ጽሑፉ ተሳስቷል፤ ክርክርም የለው። ዋሽንግተንና አካባቢዋ የሚኖሩ ወገኖቻችን በዚያ ሲያልፉ ቀና ቢሉ፣ የእብነ በረዱ ቀለም ከሲሶው ትንሽ ዝቅ ብሎ ሲለወጥ ያያሉ። ሥራው ሲቀጥል ድንጋዩ ከሌላ ካባ ስለመጣ ነው። የካፒቶልም (የአሜሪካ ምክር ቤት ሕንፃ) ጉልላት እንዲሁ ይረዳል፦ ሊንከን ማርች 4 ቀን 1861 ቃለ መሐላ ሲፈጽም በተነሣው ፎቶ ላይ ጉልላቱ ገና በግንባታ ላይ ነው፤ ጫፉ ላይ ያለችው የነፃነት ሐውልት የወጣችው ዲሴምበር 2 ቀን 1863 ነው። በሎስ አንጀለስ ኮረብታ ላይ ያለው ጽሑፍ ደግሞ ከ1923 እስከ 1949 «ሆሊውድላንድ» ይል ነበር።

ፎቶው እጅ ላይ ካለ ሌላ ምርመራ ይከተላል። በመያዣ ሣጥን ውስጥ ያለ ትንሽ ፎቶ ከሆነ ትንሽ ማግኔት በስስ ወረቀት ጠቅልሎ ከጀርባው ማስጠጋት ነው። ከሳበው ቲንታይፕ ነው፤ በቀጭን ብረት ላይ የተነሣ፣ ስለዚህም ከ1850ዎቹ አጋማሽ በፊት ሊሆን የማይችል። ካልሳበውና ዘንበል ሲያደርጉት እንደ መስተዋት እያብለጨለጨ ወደ ኔጋቲቭ የሚቀየር ከሆነ፣ ብር በተቀባ መዳብ ላይ የተሠራ ዳጌሮታይፕ ነው። ይህን መስታወቱን ከፍቶ በጣትም ሆነ በጨርቅ መንካት ፈጽሞ አይገባም፤ ምስሉ ከላይ ያረፈ ስለሆነ አንድ ጊዜ ከተጠረገ አይመለስም።

ቲንታይፕ ኔጋቲቭ የለውም፤ ካሜራው ውስጥ የገባው ሳህን ራሱ ፎቶው ነው። በዚህ ምክንያት ግራና ቀኙ ይገለበጣል። ታዋቂው የአሜሪካ ሽፍታ ቢሊ ዘ ኪድ ግራኝ ነበር የሚለው ወሬ የመጣው ከዚህ ነው። በ1880 ገደማ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ በተነሣው ቲንታይፕ ላይ ሽጉጡ በግራ ዳሌው በኩል ይታያል። ጠመንጃውን ጠጋ ብሎ ላየ ግን ነገሩ ያልቃል፦ የ1873 ዊንቸስተር ጥይት የሚገባበት በር በቀኝ ጎኑ ነው፤ ፎቶው ላይ ግን በግራ ሆኗል። ሽጉጡ የነበረው በቀኝ ዳሌው ነው። ጠመንጃ በሌለበት ፎቶ የወንድ ኮት ይመርመር፤ የግራው ክፍል በቀኙ ላይ መደረብ ሲገባው ተቃራኒው ከታየ ምስሉ የተገለበጠ ነው።

በወፍራም ካርድ ላይ የተለጠፈ፣ 6 በ10 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ የስቱዲዮ ፎቶ ሲገኝ ደግሞ ከፊቱ ይልቅ ጀርባው ይበልጣል። በእርስ በርስ ጦርነቱ ምክንያት መንግሥት ከሴፕቴምበር 1864 እስከ ኦገስት 1866 በፎቶ ላይ ግብር ጥሎ ስለነበር፣ ሻጩ ጀርባው ላይ ቴምብር ለጥፎ በብዕር መሰረዝ ነበረበት። ቴምብሩ የተሸጠበትን ጊዜ ወደ ሁለት ዓመት ያጠብበዋል፤ ብዙ ጊዜም የስረዛው ቀን ራሱ ተጽፎበታል። ፎቶው ዳግም የታተመ ከሆነ ግን የተነሣው ከዚያ ቀደም ብሎ ሊሆን ይችላል። ዋጋውም አብሮ ይታወቃል፦ እስከ 25 ሳንቲም ለተሸጠ ባለ 2 ሳንቲም፣ እስከ 50 ባለ 3፣ እስከ 1 ዶላር ባለ 5 ሳንቲም ቴምብር ይለጠፍ ነበር።