ኮምፒውተራችሁ ቁጥር ቢፈልግስ?

ማታ ማታ ኮምፒውተሬ ቁጥር ሲፈልግ ያድራል። ቀልድ አይደለም። ጂምፕስ የሚባል የበጎ ፈቃደኞች ፕሮጀክት አለ፤ ጆርጅ ዎልትማን የሚባል ፕሮግራመር በ1996 የጀመረው ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ፕራይም95 የሚባለውን ፕሮግራም በነፃ አውርዳችሁ ትጭናላችሁ፤ የሚመረመር ቁጥር ይሰጣችኋል፤ ከዚያ ማሽኑ ሥራ ሲፈታ እሱ ውስጥ ውስጡን ይሠራል። ደቦ ነው እንዳልላችሁ ጠላ የለውም።

የሚፈለገው መርሴን የሚባለው ብቸኛ ቁጥር (ፕራይም) ነው። 2ን በራሱ ደጋግማችሁ ታባዙና 1 ትቀንሳላችሁ። አምስት 2 ሲባዛ 32፣ አንድ ሲቀነስ 31፤ ከ1 እና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የለም፣ ብቸኛ የሚባለውም ለዚህ ነው። አስራ አንድ 2 ሲባዛ ግን 2048፣ አንድ ሲቀነስ 2047፣ እሱ ደግሞ 23 ሲባዛ በ89 ሆኖ ቁጭ ይላል። ቁጥሩ ሲገዝፍ አንዱን ማጣራት ብቻ ቀናት ይፈጃል፣ እጩው ደግሞ የትየለሌ ነው።

በ2024 ሉክ ዱራንት ያገኘው 41,024,320 አኃዝ አለው። እሱ በየአገሩ የተከራያቸውን ግራፊክስ ካርዶች አሰልፎ ነው። እኔ ደስ የሚለኝ ግን ጆናታን ፔስ ነው፤ የዕቃ አመላላሹ ኩባንያ የፌዴክስ ሠራተኛ፣ 14 ዓመት ሲፈልግ ቆይቶ በ2017 መጨረሻ ተራ ኮምፒውተር ላይ አገኘ።

«ምን ይጠቅማል?» ትሉኛላችሁ። ቁጥሩ ራሱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ምንም። ባንክ ለምስጢር የሚጠቀመው ከዚህ በጣም ያነሱ ብቸኛ ቁጥሮችን ነው። ሽልማቱም 3,000 ዶላር አካባቢ ስለሆነ ገንዘብ ብላችሁ አትግቡ።

«መብራት እየጠፋ እንዴት ይሆናል?» የሚለው ግን የደሴ ሰው ተገቢ ጥያቄ ነው። ፕሮግራሙ የደረሰበትን በየግማሽ ሰዓቱ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል፤ መብራት ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል፣ ቢበዛ የግማሽ ሰዓት ልፋት ነው የሚቀርባችሁ። ኢንተርኔትም ሥራ ሲቀበልና ውጤት ሲልክ ብቻ ነው የሚፈልገው። መጨረሻ ላይ የሚላከው የማረጋገጫ ፋይል ግን ከ100 ሜጋባይት ሊያልፍ ስለሚችል ሞባይል ዳታ ላይ ያላችሁ ጥቅል ሲረክስ ላኩት።

ሙቀቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ይህ ፕሮግራም ሰዎች ኮምፒውተር ጠንካራ መሆኑን የሚፈትኑበት ነው፣ ፕሮሰሰሩን አያሳርፈውም። በደሴው የጦሳ ተራራ ብርድ እኔ ክፍሌን እያሞቀልኝ አመሰግነዋለሁ፤ ኮምቦልቻ ያላችሁ ግን ማራገቢያውን ከአቧራ ሳታጸዱ እንዳትጀምሩ፣ ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ባይሞከር ይሻላል። የቆጣሪውንም ሂሳብ ቤት ውስጥ ከሚከፍለው ሰው ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ማሽናችሁ ያረጀ ከሆነ ከሥራ ምርጫው ውስጥ ድጋሚ ማጣራትን ውሰዱ። ሌላ ሰው ቀድሞ «ብቸኛ አይደለም» ያለውን ቁጥር እንደገና መፈተሽ ነው፤ ቁጥሮቹ አነስ ስለሚሉ ቶሎ ያልቃል።