በሬዲዮ ተመርቼ ወደ ስኮትላንድ

ከለንደን ግላስጎው በሌሊት አውቶቡስ የሚሄድ ወይ ተማሪ ነው ወይ እንደኔ ገንዘብ ቆጣቢ። ማታ አራት ሰዓት ተነሥተን ጠዋት አንድ ሰዓት ገባን። ከጎኔ የተቀመጠው ጎረምሳ በኮምጣጤ የራሰ ድንች ጥብሱን ሲበላ፣ ማሞቂያውም ቀኝ እግሬን ብቻ ሲጠብስ፣ እንቅልፍ ባይኔ ሳይዞር ነጋ። ያዳነኝ ሬዲዮ ነው። ማዳመጫዬን ሰክቼ የቪክ ጋሎዌይን ያለፉ ፕሮግራሞች ስሰማ አደርኩ። ለጉዞውም ያነሣሣኝ እሱው ነው፤ የሌሊት ፈረቃ ስሠራ ከሱ ድምፅ ጋር ስንት ሌሊት አንግቻለሁ።

ጋሎዌይ በቢቢሲ ሬዲዮ ስኮትላንድ የአዳዲስ ሙዚቃ አቅራቢ ነው። ኦማን፣ ሙስካት ተወልዶ በምሥራቅ ስኮትላንድ፣ ፋይፍ በሚባለው አውራጃ አደገ። ራሱም ሙዚቀኛ ነው፤ በወጣትነቱ ከዘፋኙ ጄምስ ዮርክስተን ጋር ሃክልቤሪ የሚባል የፓንክ (ጯሂ ሮክ) ባንድ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1999 ቢቢሲ ሬዲዮ 1 ለስኮትላንድ ባንዶች የተለየ ፕሮግራም ሲጀምር አቅራቢዎቹ እሱና ጊል ሚልስ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ሥራው ይኸው ነው፤ ገና ማንም የማያውቀውን ልጅ ዘፈን በራሱ ስም ዋስ ሆኖ አየር ላይ ማውጣት።

ይህ ለምን እንደሚነካኝ ልናገር። የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ ውስጥ ሲዲውን በፖስታ አሽጎ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ሄዶ ነበር። ጥበቃው «ማንን ብለህ ነው?» አለው። የሚጠራው ስም ስላልነበረው ሲዲው ጥበቃ ቤት ቀረ። ዛሬ ልጁ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ማንንም ሳይጠራ የገባ ዘፈን በሬዲዮ ስሰማ፣ አልዋሽም፣ ቅናት ይይዘኛል።

ግላስጎው ካፊያ ነበር። ማረፊያዬ ስደርስ ክፍሉ የሚሰጠው ከሰዓት በኋላ ነው፣ አሁን ከፈለግክ 15 ፓውንድ ጨምር አሉኝ። ክፍሉ ባዶ ነው፤ ቁልፉም ከፊቴ ተሰቅሏል። ከፈልኩ፤ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ተቆጣሁ። እኛ አገር ቢያንስ «ቁጭ በል፣ ቡና ይምጣልህ» ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚያስከፍሉህ።

የምድር ውስጥ ባቡሩ ግን አስደሰተኝ። በ1896 የተከፈተ ነው፤ 15 ጣቢያ አለው፤ መስመሩ ክብ ስለሆነ መውረጃህን ብታልፍ ዞሮ እዚያው ይመልስሃል። ከሴስኖክ ወርጄ በእግሬ ወደ ፓሲፊክ ኪይ ሄድኩ። የቢቢሲ ስኮትላንድ ሕንፃ በክላይድ ወንዝ ዳር የቆመ የመስታወት ሣጥን ነው፤ በ2007 ነው የተከፈተው። የማውቀው ድምፅ ከዚህ የኢንሹራንስ ድርጅት ከሚመስል ቤት ይወጣል ብሎ ማመን ያስቸግራል። ፎቶ አንሥቼ ተመለስኩ።

ማታ ሴንት ቪንሰንት መንገድ ላይ ወዳለው ኪንግ ተትስ ሄድኩ። በ1990 የተከፈተ፣ 300 ሰው የሚይዝ የሙዚቃ ቤት ነው። ኦዌሲስ የሚባለውን የእንግሊዝ ባንድ፣ የሙዚቃ አሳታሚው አለን ማክጊ በ1993 ሰምቶ ላስፈርማቸው ያለው እዚህ ነው። ደረጃዎቹ ላይ በየዓመቱ እዚያ የተጫወቱት ስም ተጽፏል፤ ስወጣ እያነበብኩ የሰው መንገድ ዘጋሁ። ከኋላዬ የነበሩ ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ ከመቆጣት ይልቅ ቆመው ያስረዱኝ ጀመር። ንግግራቸውን ግማሹን ነው የያዝኩት። በቋሊማ የተሞላ ዳቦ ሊገዙልኝ ሲሉ ረቡዕ ሥጋ አልበላም አልኳቸው፤ በሽታ መስሏቸው ከልብ አዘኑልኝ፤ ጥቂት ቆይተውም ድንች ጥብስ ይዘው መጡ።

የጂም ጌላትሊን ነገር ያነሡልኝም እሳቸው ናቸው። ጌላትሊ በንግድ ሬዲዮ ጣቢያ አዲስ ባንዶችን ሲያስተዋውቅ የኖረ ሰው ነው። ይሠራበት የነበረው ጣቢያ ቢት 106 በ1999 ተከፈተ፤ በ2006 ኤክስኤፍኤም ስኮትላንድ ተባለ፤ በ2008 ደግሞ ጋላክሲ ሆኖ ወደ ዳንስና ፖፕ ዞረ። ባለቤት በተቀየረ ቁጥር ቀድሞ የሚባረረው ያልታወቀው ልጅ ዘፈን ነው። ጌላትሊ ግን ሌላ ጣቢያ እየፈለገ ቀጠለ። ሽማግሌው ይህን ሲነግሩኝ ስለ ወንድማቸው የሚያወሩ ይመስሉ ነበር። የማታው ባንድ፣ እውነቱን ለመናገር፣ መካከለኛ ነበር፤ ከበሮ መቺው ብቻ ነፍስ አለው።

ኤዲንብራን በካፊያ አየሁት፤ የሚባለውን ያህል ነው። ያንግ ፋዘርስ የሚባሉት ሦስት ሙዚቀኞች የወጡት ከዚያ ነው። ከሦስቱ አንዱ ላይቤሪያ የተወለደ፣ ሌላው ወላጆቹ ናይጄሪያውያን ናቸው፤ በ2014 መርኩሪ የሚባለውን የብሪታንያ የዓመቱ ምርጥ አልበም ሽልማት ወሰዱ። የስኮትላንድ ሙዚቃ ሲባል ቦርሳ ያለው ዋሽንት ብቻ ለሚመስላችሁ ዘመዶቼ ይህን በቴሌግራም ልኬላችኋለሁ፤ ማንም አልከፈተውም።

በመጨረሻ በአውቶቡስ ወደ ኪንግስባርንስ ሄድኩ፤ ጋሎዌይ ያደገባት መንደር ናት። በዙሪያዋ ዘፋኙ ኪንግ ክሪኦሶት አለ፣ ከሴንት አንድሩስ ከተማ ዘፋኟ ኬቲ ተንስታል ወጥታለች፤ ጋሎዌይ በ2013 ስለነዚሁ የፋይፍ ሙዚቀኞች መጽሐፍ ጽፏል። ይህን ሁሉ በልቤ ይዤ ሾፌሩን «የሬዲዮው ቪክ ጋሎዌይ ያደገው እዚህ ነው አይደል?» አልኩት። አሰበ፣ አሰበና «ጎልፍ ተጫዋች ነው?» አለኝ። ለካ መንደሯ በዓለም የታወቀ የጎልፍ ሜዳ አላት፤ ከአውቶቡሱ የወረዱት ሌሎቹ ሁሉ ረጃጅም ቦርሳ ተሸክመዋል። ሾፌሩ የጋሎዌይን ስም በስልኩ ላይ ጻፈና ፕሮግራሙ በስንት ሰዓት እንደሚተላለፍ ጠየቀኝ።